ቀጭኗ

«የመሣሪያና የድምፅ ንዑስ ኮሚቴያችን ባሳለፍነው ማክሰኞ ባደረገው አስቸኳይ ስብሰባ፣ ከመድረኩ በስተግራ የሚገኘው ሞኒተር ስፒከር ወደ መዘምራኑ በሦስት ስንዝር እንዲቀርብ በሙሉ ድምፅ መወሰኑን ለጉባኤው በታላቅ ደስታ ያበስራል።»

አቶ ጌታሁን ወረቀቱን ለአራት አጥፈው ኪሳቸው ከተቱ። ከዞኑ ግብርና ቢሮ ጡረታ ከወጡ ስድስት ዓመታቸው ነው፤ ቢሮው ግን ከእሳቸው ጡረታ አልወጣም። የማን ስንዝር የሚለው ጥያቄ ስብሰባውን ግማሽ ሰዓት አጓትቶት ነበር። በመጨረሻ በሊቀመንበሩ እጅ እንዲለካ ተወሰነ፤ ሊቀመንበሩም እሳቸው ነበሩ። አሁን በስምንት መቶ ሰው ፊት መድረኩ ላይ ጎንበስ ብለው፣ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያሉ በአውራ ጣታቸውና በመሐል ጣታቸው ምንጣፉን ለኩ። ሁለት ወጣቶች ጥቁሩን ስፒከር ገፉት። አፉ የፊተኛውን ረድፍ ሴቶች ጉልበት ሊነካ ትንሽ ሲቀረው ቆመ።

«አሜን» አለ ጉባኤው።

ከግራ ሦስተኛዋ መስከረም ናት፤ የዮሴፍ ልጅ። ዮሴፍ ደግሞ ከቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ በስተኋላ፣ የድምፅ ማደባለቂያው ሚክሰር ላይ ተቀምጧል። አሥራ ስድስት ዓመት ተቀምጧል። በሥራ ቀን ሶዶ አራዳ አካባቢ ባለች ጠባብ ሱቁ አምፕሊፋየርና ቴፕ ይጠግናል፤ እሁድ ግን የሶዶን ግማሽ የሚያህል ሰው በጣቶቹ ያናግራል። ከሠላሳ ሁለት መዘምራን መሐል ማን ጉንፋን እንደያዘው ከመነገሩ በፊት ያውቃል ይባልለት ነበር። ይባልለት ነበር፤ አሁን የሚለው ሰው እየቀነሰ ነው።

የኳየሩ መሪ ዘላለም እጁን አነሣ። አዳራሹ ዝም አለ። ይህቺን ዝምታ ለማየት ነው ከቦዲቲና ከተበላ ከተሞች ድረስ ሰው ሚኒባስ ተሳፍሮ የሚመጣው። ኪቦርድ አይነካም፣ መነሻ ድምፅ የሚሰጥ የለም። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣ አምስት የሚያስቆጥር ጊዜ ያልፋል፤ ከዚያ ሠላሳ ሁለት አፍ በአንድ ጊዜ ይከፈትና ልክ አንድ ድምፅ ላይ ያርፋል። እንዲህ መነሣት ከጀመሩ ዓመት ሆናቸው። የኪቦርድ ተጫዋቹ መጀመሪያ ተደነቀ፣ ቀጥሎ አኮረፈ፣ አሁን ወደ ኋላ ተመልሶ ከሕዝቡ ጋር ያጨበጭባል።

ገና ሁለት መስመር ሳይዘመር አቶ ጌታሁን ከፊት ወንበር ዞረው አውራ ጣታቸውን ወደ ላይ ቀሰሩ። ጨምር ማለታቸው ነው። ዮሴፍ ጨመረ። ሽማግሌዎቹም ዞረው አዩት። ጨመረ። ባለፈው ዓመት መሐል ላይ የነበረው፣ ጠቅላላውን ድምፅ የሚያዘው የማስተሩ ቁልፍ ዛሬ ጫፍ ደርሶ፣ ከእሱ በላይ የቀረው የሚክሰሩ ብሎን ብቻ ነው።

* * *

ረቡዕ ዕለት ዮሴፍን የመስከረም ክፍል ኃላፊ መምህር አስጠራው። ልጅቷ አሥራ አንደኛ ክፍል ናት፤ ጥሩ ተማሪ ናት።

«ክፍሉ ጸጥ ሲል ደህና ናት» አለ መምህሩ። «ትንሽ ሲንጫጫ ግን ከኛ ጋር የለችም። ከኋላ ስጠራት አትዞርም። ደግሞ ልብ ብለህ ታውቃለህ? ስታናግራት ዓይንህን አታይም።»

«የት ነው የምታየው?»

«አፍህን።»

በማግስቱ ወደ ጆሮ ክሊኒክ ይዟት ሄደ። መርማሪዋ ሲስተር ብርሃኔ የምትባል ወጣት ናት፤ ድምፅ የማያስገባውን ክፍል ስታሳያቸው መስከረም ወደ ኋላ አለች። ክፍሉ አንድ ወንበር ብቻ የሚይዝ፣ በውስጡ ስፖንጅ የለበሰ ሳጥን ነው።

«አንተ ቀድመህ ግባ፣ አባዬ።»

«እኔ ምን ልሆን? እኔ እኮ ጆሮ ነው እንጀራዬ» አለና ገባ። ሄድፎኑን አጠለቀ። ድምፅ በሰማ ቁጥር እንዲጫን የተሰጠውን ቁልፍ ያዘ። በሩ ተዘጋ።

የተዘጋው በር ዓለምን ሁሉ ይዞ ሄደ። ባጃጅ የለ፣ ሰው የለ፣ የራሱ ትንፋሽ እንኳ እንደ ሌላ ሰው ትንፋሽ ሆነ። እና እሷ ነበረች። ቀጥ ያለች፣ ቀጭን፣ የማትቋረጥ ፉጨት። ዮሴፍ ያውቃታል፤ ሁለት ዓመት አውቋታል። ከሚክሰሩ ነው ብሎ ኬብል ሁሉ ቀይሯል። ከመሬት ሽቦው ነው ብሎ ቆፍሯል። ቤቱ ስትከተለው ደግሞ ከፍሪጁ ነው ብሎ ፍሪጁን ነቅሎ ወተት አበላሽቷል። እዚህ ግን ነቅሎ የሚጥለው ነገር አልነበረም።

ቁልፉን ተጫነ። እንደገና ተጫነ። ይዞት ቀረ።

በሩ ተከፈተ። «ጋሼ፣ ገና አልጀመርኩም እኮ» አለች ሲስተር ብርሃኔ።

«እየሰማሁ ነዋ።»

«ምኑን?»

«ቀጭን ነገር።»

ከማሽኑ ድምፅ እየላከች ከቀጭኑ ነገር ጋር እንዲያመሳስል ጠየቀችው። «ከርስዎ ድምፅ ጋር ስትገጥም እጅዎን ያንሡ።» ፉጨት መጣ፤ ወፈረ፣ ቀጠነ፣ ወደ ላይ ወጣ። አንድ ቦታ ላይ ሁለቱ እንደ ሁለት ጠብታ ውኃ ተገናኝተው አንድ ሆኑ። እጁን አነሣ።

«አራት ሺህ አንድ መቶ ሰማንያ ምናምን ሄርዝ» አለች።

«የረጅሙ ኪቦርድ ቀኝ ጫፍ» አለ ዮሴፍ ወዲያው። «የመጨረሻዋ ነጭ ቁልፍ። ዶ።»

የመስከረም ተራ ሆነ። ዮሴፍ ከማሽኑ አጠገብ ተቀምጦ በመስታወቱ የልጁን ጀርባ ያያል። ሲስተር ብርሃኔ ጥቂት ነገሮች ላከች፣ ምልክት አደረገች። ከዚያ ያንኑ ጥያቄ ጠየቀች፤ ምንም ሳልልክ የምትሰሚው አለ? ልጅቷ ስለ ስሟ እንደተጠየቀች ሁሉ ቀለል አድርጋ «አዎ» አለች። ፉጨቱ ወጣ፣ ወጣ፣ የመስከረም እጅ ተነሣ።

ሲስተር ብርሃኔ ማሽኑን በመዳፏ መታ አደረገችው። «ተጣብቆ ነው መሰለኝ።» አጥፍታ አበራችው። ሄድፎኑን ራሷ አጥልቃ አዳመጠች፤ ደህና ነው። ልጅቷን ከሌላ ጫፍ፣ ከወፍራም ድምፅ አስጀመረቻት። እጅ ተነሣ። ቁጥሩ ያው ነበር።

ወረቀቱ ላይ ቁጥሩን ሁለት ጊዜ፣ አንዱን ከሌላው ሥር ጻፈችው፤ ብዙ ጊዜም አየችው።

«ከጆሮ ወደ አንጎል የሚሄደው ነርቭ አንድ ሽቦ አይደለም ጋሼ» አለች በመጨረሻ። «ሠላሳ ሺህ ያህል ነው። አብዛኛው ለሹክሹክታ ይነቃል፤ ድምፁ ሲጨምር ግን አቅሙ ቶሎ ያልቅና ከዚያ በላይ የሚናገረው የለውም። ጥቂቶቹ ደግሞ ሹክሹክታ አይቀሰቅሳቸውም፣ የሚነሡት ለጩኸት ነው። ጫጫታ ውስጥ ሰው ከሰው የምንለየው በነሱ ነው። ቀድመው የሚጎዱትም እነሱ ናቸው።»

«ስፒከር ነው?»

«ምን ያህል ቅርብ ትቆማለች?»

ዮሴፍ መዳፉን ከጉልበቱ ፊት አንድ ጣት አራርቆ አሳያት። እሷም ገባት። «ስፒከር ጉልበቱን አሥር እጥፍ ሲጨምር ጆሮ የሚሰማው የእጥፍ ጭማሪ ብቻ ነው። ጉዳቱን ግን ሙሉውን ነው የሚቀበለው። ለዚህ ነው ሰው ሳይታወቀው ጨምር፣ ጨምር የሚለው።»

«ቀጭኑስ? ምንም በሌለበት የሚመጣው?»

«ነርቭ ዝም አይልም። ድምፅ ባይኖርም እንደ ዘብ አለሁ፣ አለሁ ይላል። ከጆሮ የሚደርሰው ነገር ሲያንስ ደግሞ አንጎል... እርስዎ ማይክ ሲደክምብዎት ምን ያደርጋሉ?»

«ጌይኑን፣ የማጉያውን ኃይል፣ እጨምራለሁ።»

«እሱም ይጨምራል።»

«ጌይን ሲበዛ ያፏጫል» አለ ዮሴፍ ቀስ ብሎ።

«ያፏጫል።»

«ታዲያ የሷና የኔ ለምን አንድ ሆነ?»

«አንድ ዓይነት ድምፅ ሲጎዳ አንድ አካባቢ ይጎዳል። ይህን ያህል ልክ ሲሆን ግን አይቼ አላውቅም።» ወረቀቱን አጠፈችው። «የሄደው አይመለስም ጋሼ። የቀረውን ግን ማትረፍ ይቻላል። ከስፒከሩ ትራቅ።»

«በስንት ስንዝር?»

ሲስተር ብርሃኔ የቀለደ መስሏት ፈገግ አለች፤ ፊቱን ስታይ ፈገግታዋን ሰበሰበች።

* * *

በእግራቸው ነው የተመለሱት። መንገዱ ዳር ቦዬ የሚባለውን ሥራ ሥር ዘርግተው የሚሸጡ ሴቶች ይጣራሉ፤ መስከረም ወደ አንዳቸውም አልዞረችም። በግራው ሆና እየሄደች አልፎ አልፎ ቀና ብላ አፉን ታያለች።

«ሲስተሯ ለምን ደነገጠች?» አለች።

«አልደነገጠችም።»

«ደንግጣለች። ስለ ቀጭኗ ስነግራት ነው።»

ዮሴፍ ቆመ። «ስለ ማን?»

«ስለ ቀጭኗ። እንደሱ ነው የምንላት።»

«እናንተ እነማን?»

«ኳየሩ ነዋ።» ሳቀች። «አባዬ፣ አንተ አታውቅም እንዴ? ከሷ እኮ ነው የምንነሣው። ዘላለም እጁን ሲያነሣ ሁላችንም ዝም እንላለን። ዝም ስንል ትመጣለች። ከሷ ወደ ታች እንወርድና እንጀምራለን። አዲስ ሰው ሲገባ መጀመሪያ አይሰማትም። ሁለት ሦስት ወር ታግሦ ሲቆም ትመጣለታለች። የመጣችለት ቀን ኬክ እንቆርሳለን።»

አንድ ባጃጅ ጡሩምባውን እያንባረቀ በመሐላቸው ሊያልፍ ደረሰ። ዮሴፍ ክንዷን ይዞ ወደ ዳር ሳባት። ጡሩምባውን ሳትሰማው ቀርታ ይሁን ለምዳው፣ አላወቀም።

«መስኪ፣ ስሚኝ። እሷ ጉዳት ናት። ከስፒከሩ የመጣች ጉዳት ናት። ለመሪያችሁ ለዘላለም፣ ለወላጆቹም ሁሉ መንገር አለብኝ።»

ፊቷ ተለወጠ። «አትነግርም።»

«እንዴት አልነግርም?»

«ሰው ከቦዲቲ የሚመጣው ለኛ ነው። ሕፃናት ሳይቀሩ እንደኛ ዝም ማለት ይለማመዳሉ። አንተ ተነሥተህ በሽታ ናት ልትል ነው? የዮሴፍ ልጅ አፈረሰችው ሊሉኝ ነው?» ዓይኗ እንባ አቀረረ። «ከክፍሌ ልጆች ጋር አሁን ምንም የማወራው የለኝም አባዬ። የሚሉት አይገባኝም። እዚያ ብቻ ነው ሁሉም የሚሰማውን የምሰማው። ማል።»

«እኛ አንምልም፤ መጽሐፉ አትማሉ ይላል።»

«ቃልህን ስጠኝ።»

የሚክሰር ሰው ነው፤ ምን ሲነካ ምን እንደሚጮህ ያውቃል። አሥራ ስድስት ዓመት የነካቸው ቁልፎች ሁሉ በዚያች ደቂቃ በጣቶቹ ላይ ተሰለፉ። ጨምር ሲሉት የጨመረው እሱ ነው።

«ለማንም አልናገርም» አለ።

* * *

ቃል ሳያፈርስ የሚሆን መንገድ ፈለገ። አርብ ጠዋት አቶ ጌታሁን ቤት ሄዶ ሞኒተሩ ወደ ቦታው ቢመለስ፣ ማስተሩም ቢቀንስ አላቸው።

«እህ?» አሉ አቶ ጌታሁን፣ መዳፋቸውን ጆሯቸው ኋላ አድርገው።

ጮኾ ደገመላቸው።

«ይቻላል። ምክንያቱን በጽሑፍ ታቀርባለህ፤ ኮሚቴው ተሰብስቦ ያያል።»

«ያለ ምክንያትስ?»

«ያለ ምክንያት የምናደርገው በምክንያት የወሰንነውን ብቻ ነው» አሉ አቶ ጌታሁን። ምን ማለታቸው እንደሆነ ለሁለቱም አልገባቸውም፤ ነገር ግን ቃለ ጉባኤ የሚመስል ነገር ስለነበረው ውይይቱ እዚያ አበቃ።

ቅዳሜ ከሰዓት፣ መዘምራኑ ለልምምድ ከመምጣታቸው በፊት፣ ዮሴፍ አዳራሹ ገባ። ጥበቃው አንጁሎ ወንበር እያስተካከለ ነበር። አንጁሎ አማርኛን ከወላይትኛ በኋላ በትልቅነቱ የተማረ ነው፤ ወንድና ሴት እያቀላቀለ ይሄዳል።

«አንጁሎ፣ መብራቱን ከቆጣሪው አጥፋልኝ። ሁሉንም።»

አንጁሎ አጠፋ። አምፕሊፋየሩ ሞተ፣ ማራገቢያው ቀስ ብሎ ቆመ። ብርሃን በመስኮቶቹ እየገባ ባዶ ወንበሮቹ ላይ ተኛ።

«ዝም አለ አይደል?» አለ ዮሴፍ።

«ሁሉ ዝም አለ» አለ አንጁሎ ከበሩ። «እሷ ብቻ አልተዘጋም።»

ዮሴፍ ወደ በሩ ዞረ። «እሷ ማን?»

«ፉጨቱ። እኔ ውጭ፣ ከትልቁ ስፒከር ሥር ነው የምቀመጠው። አራት ዓመት። መጀመሪያ ወፍ መሰለኝ፤ ድንጋይ ወረወርኩበት።» ሳቀ። «አሁን ከኔ ጋር ቤት ትሄዳለች። ሚስቴ ግን አይሰማትም።»

ልጆቹ ሲመጡ መብራቱ ገና እንደጠፋ ነበር። ዘላለም «ለመጀመሪያዋ መዝሙር መብራት አያስፈልገንም» አለና እጁን አነሣ። ዮሴፍ ከጎን ቆሞ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊታቸውን ከቅርብ አየ። ሠላሳ ሁለቱም መተንፈስ አቆሙ። ዓይኖቻቸው ቀስ ብለው ወደ ላይ፣ ወደ ግራ፣ ጣሪያው ከግድግዳው ወደሚገናኝበት አንድ ጥግ ሄዱ። ጥጉ ላይ ምንም የለም። ከሚወዱት ሰው ጥሪ እንደሚጠብቁ ፊታቸው ለሰለሰ። ከዚያ አፋቸው ተከፈተ።

ዮሴፍ የኪቦርዱን ጫፍ ቁልፍ መንካት አላስፈለገውም። ልክ ነበር። አስፈሪው ነገር፣ ልክ ከመሆኑም በላይ ያምር ነበር።

ከልምምዱ በኋላ ዘላለምን ጎን ጠራው። «ሞኒተሩን ትንሽ ወደ ኋላ ብናደርገውስ?»

«ጋሽ ዮሴፍ» አለ ዘላለም በትሕትና፣ «የተለካው በሊቀመንበሩ ስንዝር ነው። እኔ ምን እጅ አለኝ?»

* * *

እሁድ አዳራሹ ሞልቶ ሰው በመስኮት ያያል። ማስታወቂያ ተነበበ፤ የጠፋ ጃንጥላ፣ ሦስት ሰርግ፣ የንዑስ ኮሚቴው ምስጋና ለራሱ። ዮሴፍ ሚክሰሩ ላይ ነው። በሩቅ መስከረም ከግራ ሦስተኛ ቆማለች፤ ጉልበቷ ከስፒከሩ አፍ አጠገብ።

ዘላለም እጁን አነሣ።

ዝምታው ወረደ፤ እሷም መጣች። ዮሴፍ እንደ ወትሮው ኳየሩን ሊያይ ቀና ሲል ሕዝቡን አየ። ከኋላ ነው የሚያያቸው፤ አሥራ ስድስት ዓመት ከኋላ አይቷቸዋል። መጀመሪያ የፊተኛው ረድፍ ራሶች፣ ቀጥሎ የሁለተኛው፣ ቀጥሎ ነፋስ እንደገባበት ጤፍ እስከ መሐል ድረስ፣ ራሶች ቀስ ብለው ወደ ግራ አዘነበሉ። የአቶ ጌታሁን መላጣ ከሁሉም ቀድሞ አዘንብሏል። ከመሐል ወዲህ ያሉት ገና ቀጥ እንዳሉ ናቸው። አንዲት ከኋላ ያለች እናት ብቻ፣ ያዘለችውን ልጅ እያባበለች፣ ራሷን ነቅነቅ አደረገች፤ ትንኝ እንደምታባርር ሁሉ።

ዮሴፍ የራሱ ጆሮ ትከሻው ላይ ሊያርፍ ሲቃረብ አወቀው። ራሱን ቀና አደረገ። ከባድ ነበር።

ማስተሩን እስከ ታች አወረደው። ተነሣ። በመሐለኛው መንገድ ወደ ፊት ሄደ። አምስት የሚያስቆጥረው ጊዜ አለፈ፣ የዘላለም እጅ አየር ላይ ቀረ፣ የተከፈቱት አፎች የተከፈቱ ቀሩ። ዮሴፍ መድረኩን ወጣ። ሞኒተሩን በሁለት እጁ አቅፎ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረው፤ ኬብሉን ነቀለና እንደ ልማዱ ከመዳፉ እስከ ክርኑ ጠቀለለው፤ ጃኬቱ ውስጥም ከተተው።

አቶ ጌታሁን እንደ ባነነ ሰው ተነሡ። «ወንድም ዮሴፍ፣ ምን ተበላሸ?»

«ምንም አልተበላሸም።»

«ታዲያ መልሰው እንጂ።»

«አልመልሰውም።»

«እህ?»

ዮሴፍ ጠጋ ብሎ ደገመላቸው። «አልመልሰውም። እኔ እዚህ እስካለሁ ይሄ ነገር ወደ ልጆቹ አይዞርም።»

«እንግዲያው ከዛሬ ጀምሮ ሚክሰሩ ላይ የሚቀመጥ ሰው እንፈልጋለን።»

«ፈልጉ። ኬብሉ ግን ከኔ ጋር ነው።»

ሰው ማጉረምረም ጀመረ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ረጋ ባለ ድምፅ «ልጄ፣ ሸክም ካለብህ ንገረንና እንጸልይ» አሉት። አቶ ጌታሁን በበኩላቸው ከኪሳቸው እስክሪብቶና ያንኑ የታጠፈ ወረቀት አወጡ፤ ጀርባው ባዶ ነበር።

«ምክንያቱን ተናገርና ይመዝገብ» አሉ። «ለምን አደረግኸው?»

ማጉረምረሙ ቆመ። አዳራሹ እንደገና ዝም አለ፤ በዝምታው ውስጥ እሷ ከመቼውም ይልቅ ጠራች፤ የፊተኞቹ ራሶች እንደገና ማዘንበል ጀመሩ። ዮሴፍ ልጁን አየ። መስከረም ጥጉን አላየችም። ዓይኑንም አላየችም። አፉን ነው የምታየው።

ቃሉ እንዳያመልጣት፣ ከንፈሩን በደንብ ከፍቶ፣ ቀስ ብሎ፣

«አልናገርም» አለ።